ወገራ ላይ የወረድንበት የገብስ ማሳ

አባቴ መካኒክ ነበር። ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ነበረው። መኪና ሲመጣለት ቶሎ ኮፈን አይከፍትም። ሞተሩን ያስነሳና ዝም ብሎ ይሰማል። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳል። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። «ሦስተኛው ነው» ይላል። ሲፈቱት ሦስተኛው ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ካቻቢቴውን ለእኔ ይሰጠኝና «እስቲ ምን ይላል?» ይለኝ ነበር። ጤነኛ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ፣ አንድ ሲሊንደር ሲያርፍበት ደግሞ እንዴት እንደሚያነክስ የለየሁት እዚያ ነው።

ያ ጆሮ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት መስማት የነበረበትን ሰማ። እኔ ግን ዝም አልኩ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው።

ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ቢሆነው ነው። የፋሲል መዋኛ ውሃ ገና አልጎደለም ነበር። ያኔ የአፈር መሸርሸር ጥናት ላይ እሠራ ነበር። ከደባርቅ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ያለውን ቦረቦር ከአየር ላይ ፎቶ ማንሳት ነበረብን። ሦስት ነን። ካፒቴኑ፣ እኔ፣ ከኋላ ደግሞ ካሜራ የያዘው የሥራ ባልደረባዬ። አውሮፕላኗ ሴስና 182 ነች። ክንፏ ከላይ ስለሆነ መሬቱን ለማየት ትመቻለች። አራት ወንበር፣ አንድ ሞተር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 230 የፈረስ ጉልበት።

አዘዞ፣ አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፀሐይ ገና እየወጣች ነው። ካፒቴኑ በክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ በትንሽ ብርጭቆ ቤንዚን ቀዳ። ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም አለው። «ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ካለ ከሥር ይዘቅጣል» አለኝ። በሁለቱም ክንፍ እንዲሁ አደረገ። ንጹሕ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ አነከሰ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሙሉ አውሮፕላኗ በቀስታ እየተናጠች፣ በየመካከሉ አንድ ምት እየጎደለ። ከዚያ ሲሞቅ ተስተካከለ። ካፒቴኑ እንደ ደንቡ ሁለቱን ማግኔቶ አንድ በአንድ ፈተሸ። የአውሮፕላን ሞተር እሳቱን ከባትሪ አይጠብቅም። እሳት የሚያመነጩ ሁለት ማግኔቶ አለው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ደግሞ ሁለት ካንዴላ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይይዛል። ሁለቱም ደህና ነበሩ።

እኔ ምት ሲጎድል ሰምቻለሁ። ግን መንገደኛ ነኝ። ካፒቴን ባለበት ስለ ሞተር ምን አገባኝ? የጎንደር የጥር ጠዋት ብርዱ አይጣል ነው፤ ብርዱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቀበቶዬን አሰርኩ። ተነሳን።

ሥራው ጥሩ ሄደ። የሊማሊሞን ገደል አየን። ደባርቅን ዞረን፣ በዳባት አድርገን ወደ ደቡብ ተመለስን። ከላይ ሲታይ የወገራ ደጋ እንደ ተዘረጋ ቁርበት ነው። ጠርዙ ላይ በድንገት ያልቃል። በምዕራብ በኩል መሬቱ ከኮሶዬ ጫፍ ተቆርጦ ወደ አርማጭሆ ይወርዳል። ደጋው ላይ ያለ ሰው መሬቱ ሜዳ ይመስለዋል። ሁለት እርምጃ ቢጨምር ግን ከሥሩ ሌላ አገር አለ።

ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር ላይ ነበርን። ትልቅ ቁጥር ነው፤ ግን አያታልላችሁ። አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ መሬቱ ራሱ 3,000 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከእግራችን ሥር የነበረው አየር ከ500 ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ሌላም ነገር አለ። እንዲህ ያለ ሞተር እንደኛው አየር ይተነፍሳል። አየሩ ሲሳሳ እሱም ይደክማል። አብራሪዎች በየ1,000 ጫማው፣ ማለትም በየ300 ሜትሩ፣ ጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብለው ያሰላሉ። 3,500 ሜትር ላይ ከ230ው የፈረስ ጉልበት በእጃችን የነበረው 150 ያህሉ ነው። ደጋ ላይ የሚበር አውሮፕላን ገና ሳይታመም ሲሶ ጉልበቱን ከፍሏል ማለት ነው።

መጀመሪያ ያወቀው ጠርሙሱ ነው። ከፊቴ ያስቀመጥኩት የውሃ ጠርሙስ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወንበሩ። ከዚያ ጥርሴ። ድምፁ ያው የጠዋቱ ድምፅ ነው፤ አሁን ግን አይስተካከልም።

ካፒቴኑ መጀመሪያ ያደረገው አፍንጫዋን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ፍጥነት ካለ አውሮፕላን አይወድቅም፤ ይንሸራተታል። ፍጥነት ከጠፋ ግን ክንፉ ክንፍ መሆኑ ይቀራል። ከዚያ እጁ ወደ ካርቡሬተሩ፣ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀሉበት ዕቃ፣ ማሞቂያ ሄደ። ቤንዚን ሲተን አየሩን በጣም ስለሚያቀዘቅዘው፣ አየሩ እርጥበት ካለው ብርድ በሌለበት ቀንም የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። በረዶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ትንሽ ታግሎ ይመለስ ነበር። አልተመለሰም። የነዳጅ መክፈቻውን አየ። የነዳጁንና የአየሩን ድርሻ አስተካከለ። ማግኔቶውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሁለቱም አዞረ። ምንም ለውጥ የለም። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

«አንድ ሲሊንደር አይሠራም፣ ካፒቴን» አልኩ። አፌ አምልጦኝ ነው።

አንገቱን ነቀነቀ። መርፌዎቹን አየ። ከስድስት አንድ ሲጎድል የሚቀረው አምስት ስድስተኛ ይመስላል። ግን መናጡ ብቻውን ጉልበት ይበላል፤ ሙሉ ነዳጅ ቢሰጡት ደግሞ ሞተሩ ራሱን ሊሰብር ይችላል። ቀስ እያልን ወደ ታች እየሄድን ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ዛሬም ድረስ አብሮኝ ይኖራል። እኔ አዘዞን አሰብኩ። ማን አያስብም? አስፋልት አለ። እሳት አደጋ መኪና አለ። ካለንበት በቀጥታ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያ ላይ አዘዞ 2,000 ሜትር አይሞላም፤ ከእኛ በ1,500 ሜትር ዝቅ ይላል። መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነው። ሞተሩም ቢሆን እያነከሰ ይሠራል።

«ካፒቴን፣ አዘዞ እኮ ቅርብ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሞተሩም እየሠራ ነው።»

«እየሠራ ሳለ ነው መውረድ ያለብን» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «ወደ አዘዞ ከ12 ደቂቃ በላይ ነው። መሃሉ ገደል ነው። ለ12 ደቂቃ ላምነው አልችልም።»

ስሌቱን በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። እንዲህ ያለች ሴስና ሞተሯ ቢቆም በአንድ ሜትር ከፍታ ወደ 9 ሜትር ወደፊት ትንሸራተታለች። ከ1,500 ሜትር 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ይወጣል። አዘዞ የእሱ እጥፍ ርቀት ላይ ነው። የቀረውን ሊሞላ የሚችለው ያ የታመመ ሞተር ብቻ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ቢተወን ከሥራችን የሚሆነው ከኮሶዬ በታች ያለው ሸለቆ ነው። ገደል፣ ዛፍ፣ ድንጋይ። የወገራ ሜዳ ደግሞ ያኔ ከኋላችን፣ ከበላያችን ሆኗል። ወደ ላይ ተመልሶ የሚወጣበት ጉልበት የለም።

ካፒቴኑ ሬዲዮውን ይዞ ሦስት ጊዜ የአደጋ ጥሪውን «ሜይደይ» አለ። ያለንበትን ተናገረ። አውሮፕላኗን ለራዳር የሚለየው መሣሪያ ላይ 7700 የሚለውን የአደጋ ቁጥር አስገባ። ከዚያ ሬዲዮውን ተወው፤ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

«ነፋሱን ፈልጉልኝ» አለን።

ፊትን ወደ ነፋሱ አድርጎ ማረፍ ማለት የነፋሱን ያህል ፍጥነት ከመሬቱ ላይ መቀነስ ማለት ነው። ይህ ደጋ ላይ ከየትኛውም ቦታ በላይ ያስፈልጋል። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው የሚናገረውና መሬቱ ላይ የሚሮጡት ፍጥነት አንድ አይደሉም። ባሕር ዳርቻ ላይ በ110 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትቀርብ አውሮፕላን እዚህ በዚያው መርፌ 130 ትሮጣለች። ግጭት ደግሞ የሚቆጥረው ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ጨምሮ የምቱ ኃይል ከሲሶ በላይ ይጨምራል።

እኔ ጭስ ፈለግሁ። ጭስ የለም። ባንዲራም የለም። ያን ጊዜ አውድማውን አየሁት። ከማሳው ጥግ፣ ክብ፣ በእበት የተለቀለቀ። ሰዎች ገብስ እያዘሩ ነው። በመንሽ ሽቅብ ሲበትኑት ፍሬው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እብቁ ግን ነፋስ ይዞት ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ከላይ ሲታይ ወርቃማ ጭስ ነው። «ያውላችሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ነፋሱ ከምሥራቅ ነው!»

ካፒቴኑ አየው። «አውድማ» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። ከዚያ በግራ ክንፉ በኩል ከአውድማው ጎን ያለውን የታጨደ ማሳ አሳየን። ረጅም ነው። በአንድ በኩል የድንጋይ ካብ፣ በሌላው ባሕር ዛፍ። «ባዶ ነው» አለ። «እዚያ ነን።»

በሮቹን ከፍታችሁ ተዉ አለን። አውሮፕላን ሲመታ ቆርቆሮው ይጣመምና በር ይነክሳል። ጃኬታችንን ከፊታችን እንድንይዝ ነገረን። መነጽሬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። ዞርን። ባሕር ዛፉን ስናልፍ ቅጠሉን አንድ በአንድ ያየሁ ይመስለኛል። ማረፋችን እርግጥ ሲሆን ካፒቴኑ ነዳጁን ዘጋ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ መብራቱን አጠፋ። ሞተሩ ሲቆም ዝምታው ከባድ ነበር። የነፋሱ ፉጨት ብቻ። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ ነኩ። የገብሱ አገዳ ከሥራችን ይንጫጫል። አፍንጫዋን እስከ መጨረሻው ቀና አድርጎ ያዛት። ፍጥነቱ እየበረደ ነው፣ እያቆምን ነው፣ ደህና ነን ስል የፊት ጎማዋ ፈሰስ ውስጥ ገባ።

ፈሰስ ገበሬው የክረምቱን ጎርፍ ለማስወጣት ማሳውን አግድም የሚያርሰው ቦይ ነው። እኔ ስለ ፈሰስ ሪፖርት የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ጎማዋ ተሰበረ። ፕሮፔለሯ አፈር ቆፍራ ተጣመመች። አውሮፕላኗ ጅራቷን ሰቅላ ቆመች። አልተገለበጠችም።

ካፒቴኑ «ውጡ! ውጡ!» አለ። ቤንዚን ይሸታል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አርባ ሃምሳ እርምጃ ወሰደን። ባልደረባዬ ትከሻውን ቀበቶው ክፉኛ ይዞት ነበር። ሌላ የተጎዳ የለም። ሰው ከየአቅጣጫው እየሮጠ መጣ። ካፒቴኑ እጁን ዘርግቶ «እሳት እንዳይቀርብ፣ በእግዚአብሔር!» እያለ ይለምናል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው ባልደረባዬ ላይ ጣሉ። «ጊዮርጊስ አወጣችሁ፣ ልጆቼ፣ ጊዮርጊስ አወጣችሁ» ይላሉ፤ እንባቸው ይወርዳል። ጠላ መጣ። የገብስ ቆሎ መጣ። ቆሎው የዚያው ማሳ ገብስ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ግማሹ ፈሰሰብኝ።

ካፒቴኑ ጎማዋን ሄዶ አየ። «ብረቱ ይሰበር» አለ። «ብረት ይገዛል።»

ይህ አባባሉ እንዲሁ ማጽናኛ እንዳልሆነ በኋላ ሳነብ ገባኝ። በግዳጅ የሚያርፍ አብራሪ ክንፉን፣ ጎማውን፣ ሆዱን ሳይሰስት ይሰጣል፤ ሰው የተቀመጠበት ክፍል እንዲተርፍ። ርቀቱ ደግሞ ከሚገመተው ያነሰ ነው። 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሮጥ አውሮፕላን እኩል እየተያዘ ቢቆም፣ 3 ሜትር የማይሞላ ርቀት ሰው በሕይወት ሊሸከመው ለሚችል ምት ይበቃል። ፍጥነቱ 160 ከሆነ ግን ወደ 12 ሜትር ይጠይቃል። ስለዚህ ሜዳው ትንሽ ቢሆንም ቀስ ብሎና አውሮፕላኑን በእጅ እንደያዙ መድረስ ይሻላል። ሩቅ ያለውን ደህና ሜዳ ሲመኙ ፍጥነት አልቆ መውደቅ ነው የሚገድለው።

ክንፏ ተፈትቶ በጭነት መኪና አዘዞ ገባች። ከሳምንታት በኋላ መካኒኩ ሲሊንደሩን አውርዶ ጠራኝ። የአባቴ ልጅ መሆኔን ነግሬው ነበር። ካንዴላዎቹ ደህና ናቸው። ፒስተኑ ደህና ነው። የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቮላ ግን መንሸራተቻው ውስጥ ተጣብቋል። ቫልቮላው ሲጋል የነዳጁ ቅሪት እየተጋገረበት፣ እየጠበበው፣ በመጨረሻ ያዘው። «ይኼ በአንድ ቀን አይመጣም» አለኝ። «ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ትንሽ ያነክሳል። ሲሞቅ ይለቀዋል። ያ ነው ምልክቱ።»

ምንም አልመለስኩለትም። ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ።

ለካፒቴኑ ነገርኩት። ማታ ደወልኩለትና «ጠዋት ሰምቼው ነበር» አልኩት። ረጅም ዝም አለ። ከዚያ «እኔም ሰምቼዋለሁ» አለ። «ማግኔቶው ሲስተካከል ተውኩት። አንተ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ሞተሩን አጠፋው ነበር። አንዳንዴ ሰው የሚፈልገው ሁለተኛ ጆሮ ነው።» አልወቀሰኝም። ወቅሶኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አዘዞ እንደርስ ነበር ወይ?» ብዬም ጠየቅሁት። መካኒኩንም ጠይቄው ነበር። መካኒኩ ምናልባት ሊደርስ ይችል ነበር፣ ምናልባትም ቫልቮላው ተሰብሮ ሞተሩን ይበላው ነበር ብሎኛል። ካፒቴኑ ግን «ስለማላውቅ ነው የወረድኩት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ያላነበብኩት የለም። በጣም ያስገረመኝ አንድ የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ከተነሱ በኋላ ሞተራቸው በከፊል የደከመባቸው 242 አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ 9ኙ ሰው የሞተባቸው ናቸው። ሞተሩ ጨርሶ የቆመባቸው ደግሞ 75 ናቸው። በእነዚህ አንድም ሰው አልሞተም።

ደጋግሜ አነበብኩት። የሞተ ሞተር ክርክር የለውም። አብራሪው ወዲያው ሜዳ ይፈልጋል። የታመመ ሞተር ግን ይደራደራል። «ትንሽ ታገሠኝ፣ እስከዚያ ኮረብታ፣ እስከዚያ መንገድ» ይላል። ከፍታው ያልቃል፣ ሜዳው ከኋላ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ይተዋል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ የሚለው የእኛው አባባል ለአብራሪ የተነገረ ይመስላል። ያን ቀን ካፒቴኑ ያደረገው ይህን ነው። ሞተሩ ገና እየሠራ፣ እኔ እየለመንኩት፣ ተስፋውን በራሱ እጅ ቆረጠ።

ስለ ሞተርና ስለ ሰማይ ሲነሳ የጣና ዳር ሰው የሚያስታውሰው 1981 ዓ.ም.ን ነው። መስከረም 5 ቀን አንድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ተመቱ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ጠፉባቸው። ጎማ ሳይዘረጉ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት፤ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ትልቁም አውሮፕላን ቢሆን ያ ሰዓት ሲመጣ የሚፈልገው እንደኛዋ ሴስና ሜዳ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎችን የያዘ ትዊን ኦተር ወደ ፉኙዶ የስደተኞች ካምፕ ሲሄድ በጋምቤላ በኩል ተራራ መታ። ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። የዚያ ምክንያቱ ሞተር አይደለም። ያነሳሁት ስለ ፍለጋው ነው። ዛሬ በ406 ሜጋኸርትዝ ለሳተላይት የሚጮህ መሣሪያ አለ፤ ግን መሬት ላይ እስኪደረስ ድረስ ሰዓቱ የገደሉና የጫካው ነው። እኛ ከመንገድ አጠገብ፣ ሰው መሃል ወረድን። ካፒቴኑ ሜዳውን ሲመርጥ ይህንንም አስቦ እንደነበር ነግሮኛል። ትከሻው ለተጎዳ ሰው ዋናው ነገር ሰው ነው።

አሁን መሬት የማይበት ዓይን ተለውጧል። አውቶቡስ ላይ ሆኜ እንኳ ሜዳ እለካለሁ። ደምቢያን ያየ ሰው ከጎርጎራ እስከ ቆላድባ ሁሉም ማረፊያ ነው ሊል ይችላል። ጥር ላይ ልክ ነው፤ መሬቱ ደርቋል፣ የተሰነጠቀውን ግን ማየት ነው፣ እጅ ያስገባል። ነሐሴ ላይ ያው ሜዳ ዋልካ ነው። ጎማው እንደነካ ይሰምጣል፣ አውሮፕላኑም በጀርባው ይገለበጣል። ጣናም ከላይ ሲታይ ለጥ ያለ ነው፤ ግን ጎማዋ የማይታጠፍ አውሮፕላን ውሃ ስትነካ ጎማው ይይዛትና ልትገለበጥ ትችላለች። ስሜን ላይ ደግሞ የጊች ሜዳ አለ። ሳር ነው፣ ጅባራ ብቻ ነው የበቀለበት። ውብ ነው። ግን ከፍታው ከ3,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ጤነኛው ሞተር ራሱ እዚያ ተጨንቆ ነው የሚሠራው፤ ነፋስ ከገደሉ ጫፍ ዞሮ ወደ ታች ሲጎትት አይቋቋመውም። ወገራ ራሱ በጥር ማረፊያ፣ በመስከረም የቆመ ገብስ፣ በሐምሌ ጭቃ ነው። አንድ መሬት በዓመት ሦስት መሬት ይሆናል።

በዓመቱ ጥር ላይ ማሳውን ለማየት ሄድኩ። አምባ ጊዮርጊስ ወርጄ በእግሬ ነው የደረስኩት። ባለ እርሻው አውድማቸው ላይ ናቸው። ወዲያው አወቁኝ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ሳሙኝ። ያን ቀን በግርግሩ ብዙ አላወራንም ነበር። ስለተበላሸው ገለባ ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጃቸውን አወናጨፉ። ፈሰሱ ጋ ወሰዱኝ። አዲስ ታርሷል። የተሰበረው ጎማ የቆፈረው ቦታ አይታይም።

«ካፒቴኑ ባዶ ሜዳ ስላገኘ ነው የተረፍነው፣ አባ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ባዶ አልነበረም እኮ» አሉ። «ከብት ነበረበት። ልጆቹም ቃርሚያ ይለቅሙ ነበር።»

ምን እንደምላቸው ጠፋኝ።

«እኔ እያዘራሁ ነበር» ብለው ቀጠሉ። «ድምፅዋን ሰማሁ። አንድ ትመታለች፣ አንድ ትስታለች። እዚህ ታች የወፍጮ ሞተር አለችን። እንዲህ ስታደርግ አትቆይም፣ ትቆማለች። ይቺም ልትቆም ነው አልኩ። ብትወርድ ሌላ ሜዳ የላትም፣ ያለው ይሄ ነው። መንሹን ጥዬ ሮጥኩ። ልጆቹን ጮህኩባቸው። ከብቱን በድንጋይ አባረርኩት። አንዱ ወይፈን አስቸገረኝ።»

በዱላቸው ወደ ካቡ አመለከቱ። ልጆቹን ከካቡ ማዶ አስተኝተዋቸው ነበር። ሦስት ናቸው። ትንሹ እዚያው ከጎናችን ቆሟል። ቃርሚያ ይለቅም የነበረበትን ቦታ አሳየኝ አልኩት። ሄዶ ቆመ። እኔ ጎማችን ካለፈበት መስመር ተነስቼ ወደሱ በእርምጃ ለካሁ። ስድስት እርምጃ ነው።